ለሬስቶራንታችን ሎያሊቲ ፕሮግራም መምረጥ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ሒሳቡ ይቅደም

ሎያሊቲ ፕሮግራም ማለት ደጋግሞ ለሚመጣ ደንበኛ ሽልማት የሚሰጥ አሠራር ነው። የሚሠራበትን ሶፍትዌር የሚሸጡትን ከማናገራችን በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ፈለግን። ሰው ምን እንዲያደርግ ነው የምንፈልገው? "ደንበኛ ይብዛ" ማለት መልስ አይሆንም። አዲስ የመጣው ሁለተኛ ጊዜ እንዲመለስ ነው? በወር አንዴ ብቅ የሚለው ሁለቴ እንዲመጣ ነው? ወይስ ሁሌ የሚመጣው እንዳይጠፋ? ሦስቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ፕሮግራም ሦስቱንም እኩል አይሠራም።

ሒሳብ በምንቆርጥበት ማሽን፣ በፖሱ፣ ውስጥ ያለው መረጃ ብዙም አላገዘን። ደረሰኝ ያሳያል እንጂ ሰው አያሳይም። አንድ ሰው በሳምንት አራቴ ቢመጣ አራት ደረሰኝ ነው። አራት ሰው አንድ አንዴ ቢመጣም ያው አራት ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ካሸሯ አጠገብ ባለ ሦስት ዓምድ ወረቀት አስቀመጥን፦ "አዲስ"፣ "አልፎ አልፎ"፣ "ቋሚ"። ሒሳብ በተከፈለ ቁጥር ከአንዱ ሥር ጭረት ታደርጋለች። ደንበኞቹን በመልክ ስለምታውቃቸው ሥራው አልከበዳትም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለት ነገር ወጣ። ምሳ ላይ ወንበሩን የሚሞሉት ቋሚዎች ናቸው። ሽልማት ኖረ አልኖረ ይመጣሉ። የሳምንቱ መጀመሪያ ምሽቶች ላይ ግን ቤቱ ጭር ይላል። አዲስ ሰው በየቀኑ ይገባል፤ ካሸሯ እንደምትለው ግን ከአዲሶቹ ተመልሶ የሚታየው ጥቂቱ ነው።

ግባችንን በዚህ ወሰንን። አንደኛ፣ አዲሱ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እንዲመጣ። ሁለተኛ፣ ጭር ያሉት ምሽቶች ትንሽ እንዲሞቁ። የምሳ ቋሚዎችን እናከብራለን፣ ፕሮግራሙ ግን የሚሰላው በእነሱ አይደለም።

ከዚያ ወጪውን አሰብን። ለማቅለል የአንድ ሰው ሒሳብ 100 ነው እንበል። ጥሬ ዕቃው 30 ይወስዳል። ከሽያጭ ጋር አብሮ የሚጨምረው ሌላ ወጪ፣ ማለትም ማሸጊያ፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን፣ ተጨማሪ የሰው ሰዓት፣ 10 ይሁን። ለኪራይ፣ ለቋሚ ደመወዝና ለትርፍ የሚቀረው 60 ነው።

"አሥር ሲገዙ አንዱ በነፃ" የሚለው በሁሉም ቦታ የሚታየው ቅናሽ ስንት ያስወጣል? እንደ ሰውየው ነው። ነፃውን ምግብ ያለ ፕሮግራሙም ከፍሎ ሊበላው የነበረ ከሆነ፣ ከአሥራ አንድ ሽያጭ የአንዱን ሙሉ ዋጋ አጣን። ወደ 9 በመቶ ነው። ባይገዛው ኖሮ ግን ያወጣነው 40 ብቻ ነው፤ ከ1,000 ሽያጭ 4 በመቶ። ያው ሽልማት ለሁለት ሰው ሲሰጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይለያያል።

ሌላም አሰላን። ለሁሉም ሰው የከፈለውን 5 በመቶ ብንመልስ ከ60 የሚተርፈን 55 ይሆናል። ድሮ በነበርንበት ለመቆየት ብቻ የሚመጣው ሰው 9 በመቶ መጨመር አለበት። 10 በመቶ ብንመልስ 50 ይተርፋል፤ ያኔ 20 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ የሶፍትዌር ክፍያ ሳይገባበት ነው። ከዚህ በኋላ "10 በመቶ እንመልስ" የሚለው ሐሳብ ከጠረጴዛው ላይ ተነሳ።

ሳምንት 2፦ አማራጮቹን ማጣራት

የወረቀት ማህተም ካርድ። ርካሽ ነው፣ ለማንም ይገባል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ነገር ግን ማን እንደመጣ አይነግረንም። የጠፋን ሰው መልሰን መጥራት አንችልም። ማጭበርበርም አለ። የሳንድዊች ሰንሰለቱ ሰብዌይ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የነበረውን የማህተም ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቆመው ሐሰተኛ ማህተም ስለበዛበት ነው። ለአንድ ቤት ያን ያህል አያሰጋም። እኛ ጋ የሚያሰጋው ወዳጅነት ነው፤ አስተናጋጅ ለሚያውቀው ሰው ሁለት ሦስት ማህተም ሊመታ ይችላል።

ነጥብ። እዚህ ላይ ትልቁ ጥያቄ በከፈሉት መጠን ይቆጠር ወይስ በመጡት ቁጥር የሚለው ነው። የቡና ሰንሰለቱ ስታርባክስ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2016 ድረስ ለአንድ ግዢ አንድ ኮከብ ይሰጥ ነበር። ሰዎች አንዱን ትዕዛዝ ከፋፍለው ለየብቻ መክፈል ጀመሩ። ሰልፉ ተጓተተ። በዚያ ዓመት በተከፈለው መጠን ወደ መቁጠር ዞሩ።

ለእኛ ግን በመጡት ቁጥር መቁጠሩ ይሻላል። ግባችን ምልልስ ነው። "ሁለት ጊዜ ቀረኝ" የሚለውን ሰው በቃሉ ይይዘዋል፤ "347 ነጥብ አለኝ" የሚለውን አይዝም። የመከፋፈሉን ቀዳዳ በደንብ እንዘጋዋለን፦ በአንድ ስልክ ቁጥር በአንድ የምግብ ሰዓት አንድ ምልልስ ብቻ ይቆጠራል፤ ሒሳቡም ቢያንስ የአንድ ዋና ምግብ ዋጋ መሆን አለበት።

ደረጃ ያለው አባልነት፣ ብር፣ ወርቅ የሚባለው። ይህን ያስፋፉት አየር መንገዶች ናቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የሚባለውን የአባልነት ፕሮግራሙን የጀመረው በ1981 ነው። አውሮፕላኑ ባዶ ወንበር ይዞም ይበራል። ያን ወንበር በነፃ መስጠት የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። የእኛ ነፃ ሳህን ግን ጥሬ ዕቃና ጉልበት ይበላል። አየር መንገዱ የሠራበትን እንዳለ ብንወስድ ሒሳቡ አይወጣም። አንድ ነገር ግን ከእነሱ እንወስዳለን። ጭር ባለ ምሽት ባዶ የሚያድር ጠረጴዛ ከዚያ ወንበር ጋር ይመሳሰላል፤ አስተናጋጁም ሼፉም እዚያው ናቸው፣ መብራቱም በርቷል። ሰውን ወደዚያ ሰዓት የሚስብ ሽልማት ወጪው ይቀንሳል።

የወር ክፍያ፣ ማለትም ሳብስክሪፕሽን። የሳንድዊችና የቡና ሰንሰለቱ ፕሬት አ ማንጄ በእንግሊዝ በ2020 የጀመረው አለ፤ በወር ከፍሎ በቀን እስከ አምስት መጠጥ መውሰድ ነበር። በ2024 ያን ትቶ ወደ ግማሽ ዋጋ ቅናሽ ቀየረው። ዋና ሽያጩ መጠጥ ላልሆነ ሬስቶራንት አይሆንም። አለፍነው።

የራስ አፕ ማሠራት። አይሆንም። ሰው ለአንድ ሬስቶራንት ብሎ አፕ አውርዶ፣ ፓስዎርድ ፈጥሮ፣ ስልኩ ሲሞላ ሳይሰርዘው ይቆያል ብዬ አላምንም። ትልልቅ ሰንሰለቶች ቅርንጫፋቸው በየመንገዱ ስላለ ያዋጣቸዋል። እኛ አንድ በር ነው ያለን።

የቀረው ከፖሱ ጋር የተያያዘ፣ በስልክ ቁጥር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት ግን ሽልማቱ ራሱ ሰው ይስባል ወይ የሚለውን በወረቀት መሞከር አለብን። ወረቀት ላይ ያልሠራ ሽልማት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም።

ሳምንት 3፦ ሽልማቱ ምን ይሁን

ይህ ሳምንት ከሼፋችን ጋር አለቀ። መጀመሪያ ያሰብነው ዋና ምግብ በነፃ መስጠት ነበር። ሁለት ነገር ከለከለን። ዋና ምግብ ሰው ከፍሎ ሊበላው የሚመጣው ነገር ነው፤ በነፃ ስንሰጠው የራሳችንን ሽያጭ እንተካበታለን። የጥሬ ዕቃ ወጪውም ከሁሉም ይበልጣል።

የምንፈልገው ሽልማት ለደንበኛው ቁም ነገር ያለው፣ ለኛ ጥሬ ዕቃው ትንሽ የሆነ፣ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍሎ የማያዘው ነው። ሼፉ ሌላ ጨመረበት። "ሞቅ ባለ ሰዓት በግሪሉ በኩል እንዳያልፍ" አለ። ልክ ነው። ምሳ ላይ የሚጨናነቀው ግሪሉ ነው። ሽልማቱ ከዚያ ከወጣ በነፃ የሚበላው ሰው ከፍሎ የሚበላውን ያስጠብቀዋል። ይህን ወጪ የትኛውም የሶፍትዌር ሪፖርት አያሳየውም።

ሜኑውን በኤክሴል ዘርግተን አንድ በአንድ አየነው። የመሸጫ ዋጋ፣ የጥሬ ዕቃ ወጪ፣ ከመቶ ሒሳብ በስንቱ ላይ እንደሚታዘዝ፣ ከወጥ ቤቱ ከየት በኩል እንደሚወጣ። ጣፋጭ አሸነፈ። ጠዋት ተሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ለማቅረብ ሳህንና ማንኪያ ብቻ ነው። የጥሬ ዕቃ ወጪው የመሸጫ ዋጋውን ሩብ አይሞላም። ምሳ ላይ ደግሞ የሚያዘው ሰው በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በነፃ ሲሰጥ የሚጠፋ ሽያጭ እምብዛም የለም።

ጣፋጭ የማይበላ ወይም ስኳር የማይስማማው ሰው አለ። ለእሱ ሾርባ ወይም ሰላጣ አማራጭ አደረግን። ከዚያ በላይ ምርጫ አናበዛም። ካሸሯ ሰልፍ እየጠበቀ ስለ ሽልማት ዝርዝር ማስረዳት የለባትም።

ስንት ምልልስ ይሁን? እዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች ረድተውናል። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪየር ድሬዝ በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድ የመኪና እጥበት ውስጥ 300 ካርድ ታድሏል። ግማሹ ስምንት ማህተም የሚፈልግ ባዶ ካርድ ነው። ሌላው ግማሽ አሥር የሚፈልግ ነው፣ ግን ሁለቱ አስቀድመው ተመተዋል። የሁለቱም ባለቤቶች ስምንት ጊዜ ማሳጠብ ይቀራቸዋል። ባዶውን ከያዙት የጨረሱት 19 በመቶ ናቸው። ሁለት ከተመታለት ካርድ ባለቤቶች ግን 34 በመቶ ጨረሱ። በዚያው ዓመት ራን ኪቬትዝና ሁለት ባልደረቦቹ በቡና ካርድ ላይ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሰው ወደ ሽልማቱ በቀረበ ቁጥር ምልልሱ እየፈጠነ እንደሚሄድ ታይቷል።

ስለዚህ አሥር ነጥብ፣ ሁለቱ ሲመዘገብ የሚሰጡ። ግን ይህ ብቻ ዋናውን ግባችንን አይመታም። ለአዲስ ሰው ስምንት ምልልስ ሩቅ ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በሁለተኛው መምጣት አንድ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ መጠጥ በኛ እንዲሆን አደረግን።

ሒሳቡን በመቶው መለኪያችን እንየው። ሰውየው አንዱን ዙር ለመጨረስ ስምንት ጊዜ ይመጣል፤ ሽያጩ 800 ነው። መጠጡ በ15 ይሸጣል፣ የሚያስወጣን 3 ነው። ጣፋጩ በ30 ይሸጣል፣ የሚያስወጣን 7 ነው። ሁለቱንም ከፍሎ የማይወስዳቸው ከነበረ ወጪያችን 10 ነው፤ ከ1.5 በመቶ በታች። ሁለቱንም ከፍሎ ሊወስዳቸው ከነበረ ከ845 ሽያጭ 45 አጣን፤ 5.3 በመቶ። እውነተኛው ወጪ በመሃል ነው፣ ወደ ታችኛው የሚጠጋ ይመስለኛል። ዋና ምግብ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ከታች 5፣ ከላይ 11 በመቶ ይደርስ ነበር።

ለጭር ምሽቶች ሽልማቱ በእነዚያ ቀናት ብቻ እንዲወሰድ አስበን ነበር። ካሸሯ አልተስማማችም። "ሽልማቴን ልውሰድ ብሎ የመጣን ሰው ዛሬ አይሆንም ከምለው ባንሰጥ ይሻላል" አለች። ገልብጠነው ሠራን። ሽልማቱ በማንኛውም ቀን ይወሰዳል፤ በእነዚያ ምሽቶች ግን አንድ መምጣት ሁለት ነጥብ ያስገኛል። ክልከላውን በጉርሻ ለወጥነው።

ሳምንት 4 እና 5፦ የወረቀት ሙከራ

ዕቃዎች፦ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ካርድ፣ ተራ ቁጥር ያለው። የተለየ ቅርጽ የሚበሳ ፓንች፤ ተራውን ክብ መብሻ ማንም ቤቱ አለው። ፓንቹ ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ይውላል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ሙከራው ምሳ ላይ ብቻ ነው። ወጪው ማተሚያ ቤቱና ፓንቹ ብቻ ነው።

ሰው ካርዱን በደስታ ይቀበላል። ችግሩ የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ካርዱ ቤት ቀርቷል። "ሌላ ስጡኝ፣ በኋላ ታዋህዱልኛላችሁ" ይላል። ማዋሃዱ ደግሞ ሞቅ ባለ ሰዓት ሰልፉን ያቆማል።

ቀጥሎ የሞከርነው ካርዱን እኛ ጋ ማስቀመጥ ነው። በስም የመጀመሪያ ፊደል የተከፋፈለ ሣጥን አዘጋጀን። ለጥቂት ቀን ሠራ። ካርዱ ሲበዛ በአንድ ፊደል ሥር የሚከማቸው ብዙ ሆነ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን መለየትም አስቸገረ። ከዚያ በስልክ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ከፋፈልነው። ፍለጋው ወዲያው ቀለለ። ስሞች አንዳንድ ፊደል ላይ ይታጨቃሉ፤ የስልክ መጨረሻ ግን በሁሉም አሃዝ ላይ ይበተናል። ሰውም ስልኩን ቤት አይረሳም፣ ቢረሳም ቁጥሩን ያውቀዋል። በስልክ ቁጥር የሚሠራ ሥርዓት እንደምንፈልግ ያረጋገጠልን ይህ ሣጥን ነው።

ካርዶቹን ስናይ የመጠጡ ሽልማት ሥራውን ሠርቷል። ካሸሯ አዲስ ብላ የመዘገበቻቸው ሰዎች ለመጠጡ ሲሉ ተመልሰዋል። ከሁለተኛው በኋላ የሚቆሙም አሉ። ያም ቢሆን እኛ የፈለግነው ሁለተኛው ዕድል ነው። ሁለት ጊዜ የበላ ሰው ቤቱን ያውቀዋል፤ ሦስተኛውን ምግቡና አገልግሎቱ ያምጡት።

አንድ ማስተካከያ አደረግን። "መጠጥ በኛ" የሚለው በካርዱ ጀርባ ነበር፣ ማንም አያነበውም። ወደ ፊት አዞርነው፣ ከሁለተኛው መምጣት ምልክት ሥር።

ሳምንት 6፦ ሻጮችን ማናገር

አሁን የምንፈልገውን ስለምናውቅ ንግግሩ አጭር ሆነ። ሻጮች ማሳየት የሚወዱት የሚያምር ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮች የሚታዩበትን ስክሪን፣ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ጥያቄ ይዘን ነው የገባነው።

የደንበኞቹ ዝርዝር የማን ነው? ነገ ብንለቅ ስልክ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን በኤክሴል አውጥተን መውሰድ እንችላለን? አንዱ ሻጭ "የደንበኛው መረጃ በእኛ ኔትወርክ ውስጥ ይቀራል" አለን። እዚያው አበቃን። ለዓመታት ያጠራቀምነውን ደንበኛ የሚያስቀር ውል አንፈርምም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ይህን በቃል አልተቀበልንም። ማሳያው እየሄደ ራውተሩን ነቀልነው። አንዱ ሥርዓት ነጥቡን ይዞ ቆይቶ ኢንተርኔት ሲመለስ አስገባው። ሌላው ሒሳብ መዝጋት ራሱ አቃተው። ሰልፍ እያለ እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ገቢያችንን ያቆመዋል ማለት ነው።

ሒሳብ ለሦስት ሰው ሲከፋፈል ነጥቡ ለማን ይሄዳል? ሒሳብ ሲሰረዝ ነጥቡም አብሮ ይሰረዛል? በአንድ የምግብ ሰዓት አንድ ነጥብ የሚለውን ገደብ ራሱ ይይዛል ወይስ ካሸሯ ማስታወስ አለባት? የመጨረሻው ብዙዎቹን ጣለ።

ክፍያው። የወር ክፍያ አለ፣ የቴክስት መልእክት ክፍያ ለብቻው አለ። አንዳንዱ የወር ክፍያውን ዝቅ አድርጎ መልእክቱ ላይ ያስከፍላል። እኛ በወር ስንት መልእክት እንደምንልክ ገምተን ደመርነው። ከዚያ ወደ ራሳችን መለኪያ ቀየርነው፦ አንድ ተጨማሪ ሰው 60 ያተርፋል፤ የወር ወጪው ለ60 ሲካፈል ስንት ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል? የመረጥነው በወር የ15 ሰው ምሳ ያህል ይጠይቃል። ይህ የሚደረስበት ነው። ከቀረቡልን አንዱ የዚህን አራት እጥፍ ይጠይቅ ነበር፤ የጨመረው ደግሞ የማንጠቀምባቸው ነገሮች ናቸው።

ውሉን ለአንድ ዓመት እንድንፈርም ፈለጉ። በየወሩ የሚታደስ ጠየቅን። ትንሽ ተወደደ፣ ግን ተቀበልነው።

የሒሳብ ባለሙያችን በዚህ መሃል አንድ ነገር አነሳች። ደንበኛ እጅ ያለ ነጥብ ዕዳ ነው። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የሚሠራበት አይኤፍአርኤስ 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ መመሪያ፣ ለደንበኛ ቁም ነገር ያለው ጥቅም የሚሰጥን ነጥብ ለብቻው እንደሚሸጥ ነገር ያየዋል። 100 ስንሸጥ የሰጠነው ነጥብ 5 የሚያወጣ ከሆነ ዛሬ ገቢ የሚባለው ወደ 95.2 ነው። ቀሪው 4.8 ሽልማቱ እስኪወሰድ ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። የእኛ መጠን ትንሽ ነው። ቢሆንም ማብቂያ የሌለው ነጥብ እንዳንሰጥ መከረችን። ነጥቡ ከመጨረሻው መምጣት አንድ ዓመት በኋላ እንዲያልፍ አደረግን። ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው መምጣት መቆጠሩ ለደንበኛው ደግ ነው፤ የሚመላለስ ሰው ምንም አይጠፋበትም።

ሳምንት 7 እና 8፦ ወደ ሥራ

የመጀመሪያው ችግር ድምፅ ነበር። ካሸሯ ስልክ ቁጥር ስትጠይቅ ሰውየው ሰልፉ ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን አይወድም፤ በተለይ ሴቶች። ትክክል ናቸው። ደንበኛው ራሱ የሚጫነው ትንሽ ኪፓድ ገዛን። ስክሪኑ የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ብቻ ነው።

ሁለተኛው ንግግሩ ነው። "የሎያሊቲ ፕሮግራማችን አባል ነዎት?" ብለን ጀመርን። "አይደለሁም" ይላሉ፣ ያልቃል። ቀየርነው፦ "በሚቀጥለው ሲመጡ መጠጥ በኛ ነው። ቁጥርዎን እዚህ ይጫኑልኝ።" ምዝገባው ወዲያው ጨመረ። ሰው አባል መሆን አይደለም የሚፈልገው፤ የሚያገኘውን ማወቅ ነው። አልፈልግም ላለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አንጠይቅም።

ሦስተኛው የሠራተኛ ነገር ነው። ይህ በሬስቶራንት ሥራ የታወቀ ነው፦ ያልተመዘገበ ደንበኛ ሲከፍል የራስን ወይም የወዳጅን ቁጥር ማስገባት። ሰው ከመጠርጠር ሥርዓቱን ማጥበቅ ይሻላል። በአንድ የምግብ ሰዓት አንድ ነጥብ የሚለው ገደብ አብዛኛውን ዘጋው። ለሠራተኞች ደግሞ ያው ጣፋጭ በወር አንዴ በግልጽ እንዲሰጣቸው አደረግን። በሳምንት አንዴ ብዙ ነጥብ ያገኙ ቁጥሮችን ሪፖርት አያለሁ። እስካሁን ከላይ ያሉት ሁሉ በመልክ የምናውቃቸው የምሳ ቋሚዎች ናቸው።

መረጃን በተመለከተ የምንይዘው ስልክ ቁጥርና የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው። ሻጩ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ የሚጠይቅ ፎርም ነበረው፤ አጠፋነው። የማንጠቀምበትን መረጃ መያዝ ጣጣ ነው። መልእክት ለመቀበል መስማማትም ከምዝገባው ተለይቶ ይጠየቃል፣ ምልክቱም አስቀድሞ የተደረገበት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2018 ጀምሮ ጂዲፒአር በሚባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሕግ ባያስገድድም ለደንበኛ የሚገባ አክብሮት ነው። ስሙ እንዲጠፋለት የጠየቀን ሰው በዚያው ቀን እናጠፋለን።

ዴሊቨሪ ላይ አጭር ሙከራ ጀመርን። የዴሊቨሪ አፖች ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ከ15 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳሉ፤ የደንበኛውን ስልክ አይሰጡንም። በየከረጢቱ ትንሽ ካርድ እንጨምራለን፦ ቀጥታ ለእኛ ደውለው ካዘዙ ነጥብ አለ። በአፕ ከታዘዘ የለም።

ከሳምንት 9 ወዲህ፦ መለካት

የሻጩ ዳሽቦርድ "አባላት ከሌላው ሰው የበለጠ ይመጣሉ" ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ የሚመዘገበው ቀድሞም የሚመላለሰው ሰው ነው። ምሳ ቋሚዎቻችን በሙሉ ተመዝግበዋል፤ ዳሽቦርዱ እነሱን አምጥቼአለሁ እያለ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን መለኪያ አበጀን። የጭር ምሽቶቹን ባለ ሁለት ነጥብ መልእክት ስንልክ ስልካቸው በጥንድ ቁጥር ለሚያልቅ ብቻ እንልካለን። በጎደሎ የሚያልቁት አይደርሳቸውም። ስልክ በምን አሃዝ እንደሚያልቅ ከሰውየው ጠባይ ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ በእነዚያ ምሽቶች ከሁለቱ ወገን የመጣውን ሰው ማወዳደር ይቻላል። ወር ሲያልቅ ወገኖቹን እንቀያይራለን። ለዚህ ኤክሴል በቂ ነው። መልእክት ያልደረሰው ሰው መጥቶ ስለ ሁለቱ ነጥብ ከጠየቀ ይሰጠዋል፤ ልኬቱ ትንሽ ቢበላሽም ማንንም አንከለክልም።

እስካሁን የታየው ይህ ነው። የጭር ምሽቶቹ መልእክት ልዩነት አምጥቷል፣ ግን የሚያመጣው በአብዛኛው በቅርብ የመጡትን ነው። ለወራት የጠፋ ሰው በሁለት ነጥብ አይመለስም። የሁለተኛው መምጣት መጠጥ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ እየሠራ ነው። ከተመዘገቡ በጥቂት ቀን ውስጥ "መጠጥዎ እየጠበቀዎት ነው" የሚል አንድ መልእክት ስንጨምርበት የበለጠ ሠራ። መልእክቱን ቀድመን ስንልከው አይሠራም። ሰው ትናንት በልቶ ዛሬ አይመለስም።

የአሥረኛው ነጥብ ጣፋጭ ሽያጭ ላይ ያመጣውን ለመለየት ገና ነው። ወጥ ቤቱን ግን አላስጨነቀም። ሼፉ በዚህ ደስተኛ ነው።

መልእክት በወር ከሁለት በላይ አንልክም ብለናል። ሻጩ በሳምንት አንድ ይመክራል፤ የሚከፈለው በመልእክት ብዛት መሆኑን አንርሳ።

አሁን የተያዘው ሥራ ጥቂት ነው። የዴሊቨሪ ካርዱን አይተው ስልክ ደውለው ያዘዙትን ለብቻ መቁጠር። ለጠፉ ሰዎች ነጥብ ሳይሆን አዲስ ምግብ ሜኑ ላይ ሲገባ ብቻ መልእክት መላክ፣ እሱንም በጥንድና በጎደሎ መለካት። በአራተኛው ወር መጨረሻ ደግሞ በወር የሚያስፈልጉንን 15 ተጨማሪ ሰዎች ከጥንድና ጎደሎው ልዩነት ጋር አስተያይተን ውሉ ይቀጥል አይቀጥል እንወስናለን። ካልደረሰ ሶፍትዌሩን መልሰን፣ የመጠጡን ሽልማት በወረቀትና በሣጥኑ እንቀጥላለን። ሣጥኑን አልጣልነውም።